በዐርብ ቀን ጮቄ ላይ ሙክት ስለ መጥበስ

ጮቄ ተራራ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር ያማረው ሰው ካለ ወደኔ ጠጋ ይበል። አብዛኞቻችሁ እንደማትሄዱ አውቃለሁ፤ ልትሄዱ ያሰባችሁትም ብርዱን ስነግራችሁ ትተዉታላችሁ። እኔ ደብረ ማርቆስ ገበያው አፍ ላይ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሙሄ ነኝ። ከመስጊዱ እስከ ስፌት መኪናዬ ያለችው መንገድ ትበቃኝ ነበር፤ እሷንም ዝናብ ሲሆን አልወዳትም። በጣልያን ጊዜ ግን አምስት ቀን ተራራ ወጥቼ ወረድኩ፤ ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ስለ ድንኳን የሚጠየቀው እኔ ሆንኩ። ጠላት ከወጣ ወዲህ የሚያስፈራ የለምና የሚያሳፍረኝንም ጭምር እነግራችኋለሁ።

የሄድኩበትን ነገር ላስቀድም። ጣልያኖች የተቀደደ ሸራቸውን የሚያሰፉት በኔ ነበር፤ እምቢ ማለት በማይቻልበት ጊዜ እምቢ አላልኩም። አንድ ማክሰኞ የካፒታኑን መስኮት ለመጋረጃ ልለካ ምሽጉ ውስጥ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ከአይሮፕላን የተነሳ ፎቶግራፍ ተዘርግቷል። ተራራ ነው። ተራራው ላይ ድንኳኖች እንደተበተነ ጥሬ ይታያሉ፤ ከመካከላቸው አንድ ትልቅ ነጭ ድንኳን አለ፤ ነጩ ጣራ ላይ ጥቁር መጣፊያ አለ፤ መጣፊያውን በቀይ እርሳስ ከበውታል። መጣፊያው የኔ ነዋ! ከወረራው በፊት የፊታውራሪ እንዳላማውን ድንኳን ስሰፋ ነጩ አቡጀዲ አነሰኝና፣ «ጣራ ላይ ማን ወጥቶ ያያል» ብዬ ጥቁር ጨርቅ ቀጠልኩበት። ለካ የሚያይ አለ።

ፊታውራሪ እንዳላማው ያን ጊዜ ሰዎቻቸውን ይዘው ጮቄ ላይ በአርበኝነት ነበሩ። ጣልያን ስንት ወር ፈልጎ ያጣቸውን ሰው በኔ ጥቁር ጨርቅ አገኛቸው። የካፒታኑ አስተርጓሚ ዓይኔ የት እንዳረፈ አየና፣ «ቅዳሜ ጧት ነው። ሰማዩ ከጠራ ፊታውራሪህ ይጠበሳል» አለኝ እየሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁና መስኮቱን ሁለት ጊዜ ለካሁ።

የፊታውራሪ እህት፣ እትዬ አለሚቱ፣ አጥራችን አንድ የሆነ ጎረቤቴ ናቸው። የዚያኑ ቀን ሄጄ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ሙሄ፣ እኔ ወንድሜ አንድ ነው። ይቺን ጨርቅ የለጠፍካት አንተ ነህ፤ ሂደህ አንተው ገላግለኝ» አሉ። ምን እላለሁ? እውነታቸውን ነው። የሞቱትን ባላቸውን በቅሎ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ ካፒታኑ ዘንድ ሄድኩና፣ ለድንኳናችሁ ማሰሪያ የሚሆን ጠንካራ ገመድ ቁይ ገበያ አለ፣ ልግዛላችሁ አልኩት። እስከ እሑድ ማታ የሚያደርስ የይለፍ ወረቀት ጻፈልኝ።

ረቡዕ

ገና ሲነጋ ወጣሁ። ሚስቴ ዘይነብ፣ ድንኳን ሰፊ ሆኜ ድንኳን ውስጥ አድሬ የማላውቅ ሰው መሆኔን እያስታወሰች ሸኘችኝ። የከተማው መውጫ ላይ ያለው ባንዳ ወረቀቴን ዘቅዝቆ ይዞ ብዙ አነበበና አሳለፈኝ።

የመጀመሪያው ምክሬ ይኸውና፤ በቅሎ ስትዋሱ ባለቤቷ ምን ይወድ እንደነበር ጠይቁ። የእትዬ አለሚቱ ባል ባላምባራስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጠላ ይወዱ ነበር። እኔ ይህን ያወቅሁት በቅሎዋ ከመጀመሪያው ጠላ ቤት አጥር ሥር ደርሳ ቀጥ ስትል ነው። ብመታት አትሄድ፣ ብለምናት አትሄድ። የቤቱ እመቤት ድምፅ ሰምታ ወጣች።

«እሰይ! የባላምባራስ በቅሎ! ቤት ለእንግዳ!»

«እኔ እኮ እስላም ነኝ፤ አልጠጣም» አልኳት።

«እሱማ ባላምባራስም ሁልጊዜ አልጠጣም እያሉ ነው የሚወርዱት» ብላ ልጓሙን ያዘች። ማር በውሃ በጥብጣ ብርዝ አመጣችልኝ፤ በቅሎዋ ጠጥቼ ስጨርስ አይታ በገዛ ፈቃዷ ተነቃነቀች። በዚህ ዓይነት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰባት ቤት ገባን። ሆዴ በብርዝ ተነፍቶ ኮርቻው ላይ ቡጭ ቡጭ ይል ነበር።

እንዲህ እየቆምኩ ያሰብኩበት ሳልደርስ ቀረሁና ከተራራው ግርጌ አንድ የገብስ ማሳ ዳር ያለ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ «የመሸበት መንገደኛ» አልኩ። እኛ ከተማ ቢሆን መጀመሪያ ውሻው፣ ቀጥሎ ጥያቄው፣ ከዚያ በሩ ነው የሚመጣው። እዚህ በሩ ቀደመ። ባለቤቱ አባ ጓሉ የሚባሉ ሸበቶ ገበሬ ናቸው፤ ማንነቴን የጠየቁኝ እግሬ ታጥቦ፣ በልቼ፣ ጠግቤ ካበቃሁ በኋላ ነው። ወሩ ታኅሣሥ፣ የገና ጾም ስለሆነ ሽሮና ተልባ ነበር የቀረበው። ያረደው ማነው የሚባል ነገር ሳይመጣ ከአንድ ገበታ በላን፤ ለኔ ጾማቸው ተመቸኝ።

መደባቸውን ለቀውልኝ እሳቸውና ሚስታቸው ጥጃዎቹ አጠገብ ተኙ። ሞቴን ነው ብል ወይ ፍንክች! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለጥጃዎቹ ቦታ ቀናሁ። መደቡ ላይ የነበረው ቁንጫ የአንድ ደብር ሕዝብ ያህላል፤ ሁሉም እንግዳ ሊቀበል መጣ።

ሐሙስ

ጧት ተነስቼ የአባ ጓሉን የተቀደደ እጀ ጠባብ ሰፋሁላቸው። ወደ ተራራ ስትሄዱ መርፌና ክር ያዙ፤ ከይለፍ ወረቀት ይበልጣል። አባ ጓሉ ደስ ብሏቸው የበግ ቆዳ ደበሎአቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉና ምክር ሰጡኝ። እንዳለ ላስተላልፍላችሁ።

«ጎድጎድ ያለ ቦታ ነፋስ የለውም ብለህ ውስጡ እንዳትተኛ፤ ውርጭ የሚያድረው እዚያ ነው። ዛፍ ካለ ዛፍ ሥር ሁን። ጓሳ እጨድና በወፍራሙ አንጥፍ፤ ብርዱ ከላይ አይደለም፣ ከሥር ነው የሚበላህ። ድንጋይ አሙቅና በጨርቅ ጠቅልለህ እግርህ ሥር አድርግ። ደበሎውን ስትመለስ ታመጣልኛለህ።»

«ባልመለስስ?» አልኳቸው።

«እንዲያውም ለሱ ስትል ትመለሳለህ» አሉኝ።

ዳገቱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው ብል አትሳቁብኝ። መጀመሪያ የአስታ ዛፍ፣ ከዚያ ጓሳ ብቻ፣ ከዚያ ጉም። ጉሙ ውስጥ ጅባራ የሚባል ተክል አለ፤ ግንዱ ላይ ቅጠሉን እንደ ጎፈሬ አድርጎ በሰው ቁመት ይቆማል። ዘብ መሰለኝና በቅሎዬን አቁሜ፣ «እንደምን ዋላችሁ፣ ጌቶቼ» ብዬ እጅ ነሳሁ። ጠጋ ስል ጅባራ ነው። ትንሽ እልፍ ብዬ ሌላ ጅባራ እጅ ነሳሁ። ሦስተኛውንም እንዲሁ። አራተኛው ላይ ነቅቼ፣ ቀና ሳልል አልፌው ልሄድ ስል፣

«አንተ ባለጌ! ለቅጠሉ ሁሉ ሰላምታ ስትሰጥ እኔን ትዘላለህ?» የሚል ድምፅና የጠመንጃ አፈሙዝ አንድ ላይ መጡ። የፊታውራሪ ዘብ ነበር። ይዞ ወደ ሰፈሩ እስኪያደርሰኝ ድረስ ቅሬታው አልወጣለትም።

ስለ ሰፈሩ ሥርዓት ካልነገርኳችሁ የኋላው አይገባችሁም። አለቃው መካከል፣ ጉብታው ላይ ይተክላል። ቀኝአዝማቹ በቀኙ፣ ግራአዝማቹ በግራው፣ ሌላው እንደ ማዕረጉ ቀረብ ራቅ እያለ ይከባል። ወጥ ቤት ከኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ስሙን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ድንኳኑ ከመካከሉ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ መቁጠር ነው። በሦስት እርምጃ ተጣልተው ሽማግሌ የተቀመጠላቸው ሰዎች አይቻለሁ። ይህ ሥርዓት ለኛ ማዕረግ ነው፤ ከላይ ለሚያይ ጣልያን ግን አለቃውን በጣት ማሳየት ነው።

ፊታውራሪ ረጅም፣ መልከ መልካም፣ በብርዱ አፍንጫቸው የቀላ ሰው ናቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ መጣፊያውን፣ ቀዩን ክብ፣ ቅዳሜን። ድንኳኑ ውስጥ ቀኝአዝማች ታከለ የሚባሉት፣ በየምክንያቱ ከፊታውራሪ ጋር የሚፎካከሩት ሰው ተቀምጠዋል። ፊታውራሪ እሳቸውን በዓይናቸው ጥግ እያዩ ጮክ ብለው ሳቁ።

«ታዲያ ምን ላድርግ? በራሪ ወፍ ፈርቼ ድንኳኔን ልንቀል?»

ቀኝአዝማች ጢማቸውን እየጠቀለሉ፣ «አይ፣ ጌታዬ አያደርጉትም» አሉ። ቢያደርጉት ደስ እንደሚላቸው ፊታቸው ላይ ተጽፏል።

ብቻችንን ስንሆን ፊታውራሪ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሙሄ፣ ነገሩ ገብቶኛል። ግን ከዚህ አንድ ክንድ ብነቃነቅ ይህ ሰው ፈርቶ ሸሸ ብሎ ሰፈሩን ለሁለት ይከፍልብኛል። ያኔ አይሮፕላን አያስፈልግም» አሉኝ።

«መጣፊያውን ልፍታው?»

«ቦታውን አውቀውታል ብለኸኝ የለም? ቀዳዳ ብቻ ነው የምታተርፍልኝ፤ ውርጩን ማን ሊችለው።» በዚሁ አሰናበቱኝ።

ተስፋ ቆርጬ ወደ ወጥ ቤቱ ወረድኩ። እዚያ ከጉብታው በስተኋላ፣ ገደል ሥር፣ አስታ ዛፎች መሐል በጭስ የጠቆረች ትንሽ ድንኳን አለች፤ የፊታውራሪ እናት እሜቴ ብዙነሽ የሚያድሩባት። ልጃቸው ሸፍቶ እሳቸው ከተማ እንዳይቀመጡ ነው አብረው የወጡት። ቁመታቸው ከበርሜል አይበልጥም፤ ሦስት መቶ ሰው ግን ሲያልፍ ያጎነብስላቸዋል። ሽሮ ሲያቀርቡልኝ የልጃቸውን መልስ ነገርኳቸው።

«ልጄ ቦምብ አይፈራም» አሉ፤ እንደ ጉድለት ነው የተናገሩት። «ኃጢአት ግን ይፈራል። እኔ ነኝ ያሳደግሁት፤ የሚፈራውን አውቃለሁ።» ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንተ ጾም የለብህም፣ አይደል?»

«የለብኝም።»

«ሙክት ማረድ ታውቅበታለህ?»

«እሜቴ፣ ነገ ዐርብ ነው፤ የናንተ ጾም…»

«ዐርቡን ነው የፈለግሁት» ብለው የልጃቸውን የንስሐ አባት፣ መምሬ ይግዛውን፣ አስጠሩ። ሦስታችን በሹክሹክታ ስንመክር አመሸን። መምሬ ይግዛው መጀመሪያ ሦስቴ አማተቡ፤ ከዚያ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

ዐርብ

ከእንቅልፌ ስነሳ ጢሜ ላይ ውርጭ ነበር። ዘይነብ ብታየኝ አርጅቶ መጣ ትለኝ ነበር። ሌላ ምክር፤ ድንኳኑ ሲረጥብ ሸራውን ከውስጥ በጣታችሁ አትንኩ፤ የነካችሁበት ቦታ ሌሊቱን ሙሉ ያንጠባጥባል። ይህን ለሰው ስናገር ነው የኖርኩት፤ ራሴ ግን ነካሁት።

ፊታውራሪ ቅኝት ሊያዩ ወጥተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማይመለሱ እሜቴ ያውቃሉ። ልክ እንደወጡ ሙክቱን በቀንዱ ይዘው ትልቁ ድንኳን ውስጥ አስገቡና፣ «ውጭ ነፋስ ነው፤ እሳት አይነድም። እንግዳዬ እዚህ ያብስል» ብለው ለዘቦቹ ተናገሩ። እሜቴን ማን ይከለክላል? ቢስሚላህ ብዬ ፊታውራሪ ከሚቀመጡበት ምንጣፍ አጠገብ አረድኩት። እሳቱን አነደድኩ። ጎድኑን ፍም ላይ ዘረጋሁት። ስቡ ሲንጠባጠብ ጭሱ በጣራው ወጣ፤ ሽታው ሰፈሩን ሁሉ ዞረ።

ወገኖቼ፣ ብዙ ክፉ ነገር አይቻለሁ። በዐርብ ቀን፣ በገና ጾም፣ ሦስት መቶ የራበው ሰው ከብቦህ እያየ ጥብስ እንደ መብላት ያለ ግን አላየሁም። አንዱ አሮጌ ወታደር አፍንጫውን በነጠላው አስሮ ፊቱን አዞረ። አንዱ ደግሞ፣ «ጨው አነሰው?» ብሎ ጠየቀኝና በገዛ ጥያቄው ተናዶ ሄደ። እሜቴ በድንኳኑ በር በኩል ብቅ እያሉ፣ «ብላ! ሽታው እንዳይጠፋ ብላ!» ይሉኛል። ለሀገር የደሙትን ስትቆጥሩ፣ ለሀገር የበላም እንዳለ አትርሱ። አንዱን ታፋ መጨረስ አቅቶኝ ምሰሶው ላይ ሰቀልኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፊታውራሪ ገቡ። ገና ከበቅሎ ሳይወርዱ አሸተቱ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እንግዳህ በረደው» አሉ እሜቴ።

«በዐርብ! በድንኳኔ! እስላም ያረደውን! እሜቴ፣ ጠላት እንኳ ያላደረገብኝን!»

ሰይፋቸውን ያዙ። ከአይሮፕላኑ በፊት የምሞተው እኔ ነኝ ብዬ ሸሃዳዬን አነበነብኩ። መምሬ ይግዛው መካከል ገቡ።

«ልጄ፣ እንግዳ ላይ እጅ አይነሳም። ግን እውነት ነው፣ እዚህ ድንኳን ውስጥ ጸበል ሳይረጭ ጸሎት ማድረስም መተኛትም አይቻልም። እኔ አልፈቅድም።»

«እንግዲያው ይረጭ!»

«ጸበሉ እታች ካለው ደብር ነው የሚመጣው። ከእሑድ ቅዳሴ በፊት አይደርስም።»

አንድ አሽከር፣ «ነቅለን ወስደን እንጠበው» ብሎ ገመዱን ሊይዝ ሲል መምሬ፣ «ሳይረጭ የሚነካው ማነው?» አሉ። ሁሉም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«እስከ እሑድ ታዲያ የት ልደር?» አሉ ፊታውራሪ።

«እናት የለህም?» አሉ እሜቴ።

ፊታውራሪ እናታቸውን አዩ፤ መምሬን አዩ፤ እኔን አዩ። ቀኝአዝማች ታከለንም አዩ፤ ቀኝአዝማች ሃይማኖት ነውና አንዲት ቃል መተንፈስ አልቻሉም። ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ጭሷ ድንኳን ወረዱ። በአጠገቤ ሲያልፉ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ «ሙክቱ ሰብቶ ነበር?» አሉኝ።

«በጣም፣ ጌታዬ።»

«ከቅዳሜ በኋላ እንነጋገራለን» አሉ። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እሜቴም ያሰቡት አይመስለኝም። ቀኝአዝማች ታከለ ጉብታው ላይ ቆመው ዙሪያውን ቢያዩ፣ ፊታውራሪ ያሉበት መካከል ከሆነ፣ የሳቸው ድንኳን አሁን ወጥ ቤቱ የነበረበት ማዕረግ ላይ ቀርቷል። ፊታቸው ጠቆረ። «ድንኳኔን ንቀሉ!» ብለው ጮኹ። እሳቸው ሲነቅሉ ግራአዝማቹ ይቀድሙኛል ብለው ነቀሉ። ግራአዝማቹ ሲነቅሉ ሰፈሩ በሙሉ ነቀለ። ሦስት መቶ ሰው ሸራ በራሱ ተሸክሞ ወደ እሜቴ ሽሮ ድስት ተሽቀዳደመ። በአንድ እርምጃ የሚጣላው፣ ካስማ የሚሰርቀው፣ ገደሉ ግርጌ ቋጥኝ ላይ ተክሎ «ማዕረጌ ነው» የሚለው ብዛቱ!

ድንኳን አዋቂ እኔ ብቻ ነበርኩና ስሮጥ አመሸሁ። ገመድ አጥብቃችሁ አትሰሩ፣ ማታ ጤዛ ሲነካው ይኮማተርና ካስማውን ይነቅላል፤ በሩን ከነፋሱ አዙሩ፤ ዙሪያውን ቦይ ቆፍሩ፤ ስትተኙ ራሳችሁን ወደ ዳገቱ አድርጉ። የሰማኝ የለም። ቀኝአዝማች ከድስቱ በስተቀኝ መተከላቸውን ካረጋገጡ በኋላ ግን ለራት አስጠሩኝ። ሽሮ ነበር፤ እኔ ግን ሙክት በቃኝ ብዬ ውሃ ብቻ ጠጣሁ። ጉብታው ላይ ትልቁ ድንኳን ጥቁር መጣፊያውን ይዞ ብቻውን ቀረ።

ቅዳሜ

ሰማዩ ጠርቶ ነጋ። አንዲት ደመና የለችም። እንደዚያ ያለ ቆንጆ ጧት እኛ ዘንድ ማርቆስ ቢነጋ ልብስ ይታጠብበት ነበር።

ድምፁ መጀመሪያ እንደ ንብ ነበር፤ ከዚያ እየቀረበ መጣ። አስታው ሥር ተኝተን መሬት ነከስን። ፈራሁ፤ ምን እዋሻችኋለሁ፣ የዘይነብን ስም እየጠራሁ ነው የፈራሁት። የመጀመሪያው ቦምብ ከጉብታው ወዲያ ወደቀ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጉብታው ላይ ወደቁ። አይሮፕላኑ ዞሮ ተመልሶ ደግሞ ጣለ። ከዚያ ሄደ።

ጭሱ ሲገለጥ ትልቁ ድንኳን የለም። ቦታው ጉድጓድ ነው። የቀኝአዝማች ድንኳን የነበረበትም ጉድጓድ ነው፤ የግራአዝማቹም። መምሬ ይግዛው ሰዎቹን በየስማቸው እየጠሩ ዞሩ፤ ሁሉም «አቤት» አለ። አንዲት በቅሎ ገመድ በጥሳ ጠፍታለች። ከዚያ ሌላ የጎደለ ነገር ቢኖር ምሰሶው ላይ የሰቀልኩት ታፋ ነው።

ቀኝአዝማች ታከለ የራሳቸውን ጉድጓድ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። ከዚያ ወደኔ መጥተው ምንም ሳይናገሩ ትከሻዬን ሳሙኝ። መምሬ፣ «እንግዲህ ጸበሉ ይቅር» አሉ። እሜቴ ብዙነሽ ማንኪያ ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ «እንዳላማው፣ ሽሮህ እየቀዘቀዘ ነው» አሉ፤ እንባቸውም አብሮ ወረደ።

ፊታውራሪ ለብቻዬ ጠሩኝ። «ሙሄ፣ ያቺን ጥቁር ጨርቅ ስትቀጥል ለምን አልነገርከኝም?»

«ነጩ አልቆብኝ አፍሬ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሌላ ጊዜ አልቋል በለኝ።» ከዚያ ፊታቸው ጠና። «አሁን ሞቻለሁ ብለው ያምናሉ። ሰዎቼን ወደ ሌላ ስፍራ እስካሻግር ድረስ ጥቂት ቀን ሙት መሆን አለብኝ። በሕይወት እንዳለሁ ቢሰሙ ነገውኑ ይመለሳሉ፤ መንገድ ላይ ሳለን ሜዳ ላይ ያገኙናል። ለማንም እንዳትናገር።»

«ለእትዬ አለሚቱስ?»

«ለእሷ በተለይ እንዳትናገር። አለሚቱ ከልጅነቷ ጀምሮ መዋሸት አትችልም፤ ፊቷ ይናገርባታል።»

ከመሄዴ በፊት ጉድጓዱ ዳር የተበተነውን የድንኳን ገመድ ለቃቀምኩና ተሸክሜ ወረድኩ። ቁይ ገበያ መድረስ አልቻልኩምና ለካፒታኑ ገመድ ያስፈልገኝ ነበር።

አባ ጓሉ ቤት ስደርስ ሚስታቸው እያለቀሱ አገኘኋቸው። «አልሰማህም? ፊታውራሪን አይሮፕላን በላቸው» አሉኝ። ወሬው በምን እግሩ እንደቀደመኝ አላውቅም። አባ ጓሉ ደበሎአቸውን ተቀብለው ሳያዩት ወዲያ ጣሉት። ያን ማታ ያበሉኝ ሽሮ እንዴት እንደወረደልኝ እኔ ነኝ የማውቀው። መናገር አማረኝ፤ ምላሴን ነክሼ አደርኩ።

እሑድ

በቅሎዋ እንደ ልማዷ በየጠላ ቤቱ ቆመች። በየጠላ ቤቱ ግን ለቅሶ ነበር፤ እኔም በየቤቱ ወርጄ ነፍስ ይማር አልኩ። ለአንድ በሕይወት ላለ ሰው በአንድ ቀን ሰባት ቤት ለቅሶ የደረሰ ከኔ ሌላ ካለ ይንገረኝ። ምሽጉ በር ላይ ገመዱን አስረከብኩ፤ ካፒታኑ አሸተተና ጭስ ጭስ ይላል አለ። የቁይ ሰዎች ገመድ በጭስ ነው የሚያጠነክሩት አልኩት። «ብራቮ» ብሎ ተቀበለኝ።

ሰፈር ስደርስ የእትዬ አለሚቱ ግቢ በሰው ሞልቷል። ጣልያን ለቅሶውን አልከለከለም፤ እንዲያውም ደስ ብሎት አስተርጓሚውን ልኳል፤ አስተርጓሚው አጥሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ማን እንደመጣ፣ ማን እንዴት እንዳለቀሰ ይጽፋል። ዘይነብ ከሴቶቹ መሐል አየችኝ፤ አፏን በእጇ ያዘች።

እትዬ አለሚቱ ግን አላዩኝም። መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደርቋል። አንዲት እንባ የለም፤ አንዲት ቃል የለም። አልቃሿ በወንድማቸው ስም ሙሾ ታወርዳለች፤ ሴቶች ደረት ይመታሉ፤ እሳቸው ግን እንደ ድንጋይ ናቸው። ሐዘናቸው ከእንባ አልፎ ሄዷል። ከኋላዬ አንዱ፣ «ምነው እህቱ አላለቀሰችም?» ሲል ሰማሁ። ሌላው፣ «የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው» አለ። አስተርጓሚው እርሳሱን አቁሞ ዓይኑን እሳቸው ላይ ተከለ።

ብናገር ፊታቸው ያጋልጣል፤ ባልናገር ድርቀታቸው ያጋልጣል። የፊታውራሪን ቃል አሰብኩ፤ በሜዳ መንገድ የሚያልፉትን ሦስት መቶ ሰዎች አሰብኩ፤ እናታቸውን አሰብኩ። እግሬ ግን ወደ መደቡ ይሄዳል። ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ እኒያን ዓይኖች ማየት አልቻልኩም።

ጎንበስ ብዬ ትከሻቸውን ሳምኩ፤ በዚያው ወደ ጆሯቸው፣ «ትላንት ረፋዱ ላይ ከእሜቴ ድንኳን ተቀምጠው ሽሮ ሲበሉ ትቻቸው ነው የመጣሁት» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እሪ አሉ፤ ነጠላቸውን ቀደው፣ መሬት ላይ ወድቀው፣ «ወንድሜ! ወንድሜ!» እያሉ ይንፈራፈሩ ጀመር። አራት ሴቶች መያዝ አቃታቸው። የደስታ እንባ መሆኑን ከኔ በቀር ያወቀ የለም። ግቢው በሙሉ አብሯቸው አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ፤ አልቃሿ እንኳ ሙሾዋን አቁማ አነባች። አስተርጓሚው ትንሽ አየና ቆቡን አወለቀ፤ ደብተሩን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ምሽጉ ሄደ።

እትዬ አለሚቱ ሦስት ቀን ሙሉ አላቋረጡም።